በጎንደር የእንስሳት ሐኪም ለመሆን፦ ከምርጫ ቅጹ እስከ በረቱ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በየቤቱ ስለ ሕክምና ትምህርት ብዙ ይወራል። ስለ እንስሳት ሕክምና ግን የሚወራው ጥቂት ነው፤ ሲወራም ብዙውን ጊዜ «የሰው ሕክምና ካልደረሰው እሱም አይከፋም» በሚል ማጽናኛ ታጅቦ ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ጉዳት አለው። ወጣቱ ዓመታት የሚወስድና ብርታት የሚጠይቅ ትምህርት ውስጥ ምንነቱን ሳያውቅ እንዲገባ ያደርገዋል፤ ሙያውንም ለሌላው ያልበቃ ሰው መጠጊያ ያስመስለዋል። በእኔ እምነት ይህን ትምህርት የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእንስሳት ሐኪም በእያንዳንዱ ውሳኔው ለሦስት ወገን የሚወስን መሆኑ ነው። አንደኛው የታመመው እንስሳ ነው፤ ሁለተኛው ኑሮው በእንስሳው ላይ የቆመው ባለቤት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥጋውን የሚበላው፣ ወተቱን የሚጠጣው፣ ሐኪሙ አይቶት የማያውቀው ሰው ነው። የትምህርቱ ርዝመትና ዓይነትም ሆነ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ከዚህ የሚመነጭ ስለሆነ ማብራሪያውን ከዚሁ እጀምራለሁ።

ሐኪሙ ለማን ይወስናል?

አዘዞ ውስጥ ወተት ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ እንበል። ከላሞቻቸው የአንዷ ጡት አብጦ፣ ሲነካ ትኩስ ሆኖ፣ ወተቷም ተቆራርጦ መውጣት ሲጀምር የተጠራው ሐኪም የጡት ብግነት መሆኑን ለመለየት ብዙ አይቸገርም፤ ተገቢውን አንቲባዮቲክ መርጦ ይሰጣል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ወደ ወተቱ ስለሚያልፍ፣ መድኃኒቱ ከወተቱ እስኪጠፋ እንዲጠበቅ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እስኪያበቃ ድረስ ወተቱ መሸጥም ሆነ መጠጣት የለበትም። ወተቱን ከሚጠጡት መካከል መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ከዚህም በላይ ትንሽ ትንሽ አንቲባዮቲክ ከምግብ ጋር ወደ ሰው አካል መግባቱ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱት መንገድ ይከፍታል፤ በኋላ ሰው ሲታመም ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። ለላሟ ባለቤት ግን እነዚያ ቀናት ገንዘብ የማይገባባቸው ቀናት ናቸው። ሐኪሙ ይህን ሳያስረዳ መርፌውን ወግቶ ቢሄድ ላሟ ልትድን ትችላለች፤ ሥራውን ግን ግማሹን ትቶታል። ይህን እውነት ለሚጎዳበት ሰው በአክብሮትና በማያሻማ ቃል ማስረዳት የሙያው አካል ነው እንጂ ከሙያው ውጭ ያለ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

ይበልጥ የሚከብደው አባ ሰንጋ ነው። አንድ የእርሻ በሬ ያለ ምልክት በድንገት ሲሞትና ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሲወጣ ሐኪሙ አባ ሰንጋን ይጠረጥራል፤ ሬሳውም እንዳይገፈፍና እንዳይከፈት ይከለክላል። ምክንያቱም ሬሳው ተከፍቶ ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ያ ቦታ በሚቀጥሉት ክረምቶች ሌሎች ከብቶችን የሚገድል መሬት ሆኖ ይቀራል። የነካውና የበላው ሰውም ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። ገበሬው ግን ጥማዱን አጥቷል፤ ቢያንስ ቆዳውን ወይም ሥጋውን ማትረፍ ይፈልጋል፤ ይህንንም መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሐኪሙ እንግዲህ በአንድ ኪሳራ ላይ ሌላ ኪሳራ የሚጨምር ትእዛዝ ይሰጣል፤ ትእዛዙም ትክክል ነው። በሰው ላይ ከሚታወቁት ተላላፊ በሽታዎች 60 በመቶ ያህሉ መነሻቸው ከእንስሳት እንደሆነ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መግለጹም እንዲህ ያለው ትእዛዝ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ሰው ከታመመ «የመድኃኒቱ ዋጋ ከሰውየው ዋጋ ይበልጣል» የሚል የለም። በእንስሳት ሕክምና ግን ይህ ጥያቄ በየዕለቱ ይነሣል። የበጓ ሕክምና ከበጓ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ በሬው ድኖም ከእንግዲህ የማያርስ ከሆነ፣ ሐኪሙ ይህን ለባለቤቱ ሳይደብቅ መናገር አለበት። አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ሲያውቁ ልባቸው ይሰበራል፤ እንስሳ ስለሚወዱ ብቻ ትምህርቱን መርጠው ስለነበር ነው። ፍቅሩ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይበቃም።

የሚምታቱ ሦስት ትምህርቶች

በምርጫ ጊዜ ብዙ ወጣቶችን የሚያሳስት ነገር የስሞች መቀራረብ ነው። የእንስሳት ሕክምና የእንስሳትን በሽታ መመርመርን፣ ማከምን፣ መከላከልንና የምግብ ደኅንነትን የሚያስተምር ሲሆን የሚያስገኘውም የእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ ነው። የእንስሳት ሳይንስ የሚባለው ደግሞ በእርባታ፣ በመኖ፣ በዝርያ ማሻሻልና በወተትና በሥጋ ምርት ላይ ያተኩራል፤ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ ተመራቂውም ሐኪም አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም በአንድ ኮሌጅ ሥር ስለሚሰጡ የኮሌጁን ስም ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሦስተኛው በግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው የእንስሳት ጤና ሥልጠና ነው። በየቀበሌው ክትባት የሚሰጡትና በየጤና ኬላው ከብት የሚቀበሉት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከዚህ የወጡ ናቸው። ዲግሪ ስለሌላቸው ሊናቁ አይገባም፤ ገበሬው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነውና አዲስ ተመራቂ ሐኪም ብዙ ነገር የሚማረው ከእነሱ ነው።

መግቢያው

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ለመማር የሚያስብ ተማሪ በመጀመሪያ በመሰናዶ ትምህርቱ የተፈጥሮ ሳይንስን መርጦ መሆን አለበት፤ ይህ ውሳኔ በ11ኛ ክፍል የሚያልፍ ስለሆነ በ12ኛ ክፍል ማብቂያ ማሰብ የጀመረ ሰው ዘግይቷል። ቀጥሎ ብሔራዊ ፈተናው አለ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከተጀመረና የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኗል። ከዚህ ነጥብ በታች ሆነው ትምህርት ሚኒስቴር የሚወስነውን ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ተከታትለውና ፈተናውን አልፈው የሚገቡበት መንገድም ተዘጋጅቷል። በዚህ በኩል መግባት የሚያሳፍር አይደለም፤ ዋናው ከገቡ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከዚህ የሚከተለውን ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪውን የሚመድበው ወደ ዩኒቨርሲቲ እንጂ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሕክምና አይደለም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይህን ትምህርት አይሰጥም። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል በሚሞሉበት ጊዜ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቢሾፍቱ የተከፈተው ሲሆን ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ከእሱ በኋላ ሐረማያ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ወሎና ጅግጅጋን ጨምሮ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ጀምረዋል። የጎንደር ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ለመማር ቢመኝም ሌላ ቦታ ሊመደብ እንደሚችል፣ ጎንደር የሚመጡትም ከመላው አገሪቱ እንደሆኑ አውቆ ምርጫውን በዚሁ መሠረት ቢያሰናዳ ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ሁሉም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች ነው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አሉ፤ ከእነሱም ጋር ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊና የእንግሊዝኛ ቋንቋ አሉ። ከዚያ በኋላ ተማሪው የትምህርት ክፍል ይመርጣል፤ ውድድሩም በዋናነት በዚያ ዓመት ባመጣው ውጤት ነው። የድልድሉ ዝርዝር ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ማስታወቂያ በቀጥታ ማንበብ እንጂ የአምና ተማሪን ቃል ብቻ መከተል አይገባም። ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ዓመት «መለማመጃ» አለመሆኑ ነው። ልጁ ከቤት ወጥቶ ዶርም ገብቶ ነፃነትን በሚቀምስበት በዚያው ዓመት የወደፊት ሙያው እየተወሰነ ነው።

የትምህርት ክፍያን በተመለከተ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ዛሬ ተምሮ ነገ ሥራ ሲይዝ ድርሻውን እንዲከፍል የሚያስገድድ ነው። ተማሪው በየዓመቱ ውሉን ይፈርማል። የእንስሳት ሕክምና ረጅም ትምህርት ስለሆነ ዕዳውም በዓመቶቹ ልክ ያድጋል፤ ስለዚህ የሚፈርሙትን ወረቀት ማንበብና ቅጂውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዓመቶቹ እንዴት ያልፋሉ?

ትምህርቱ የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። መሠረታዊ ትምህርቶች በሚሰጡባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ተማሪው የአካል አወቃቀርን፣ የአካል ክፍሎችን አሠራር፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ማይክሮባዮሎጂንና የጥገኛ ተሕዋስያንን ትምህርት ይወስዳል። የሰው ሕክምና ተማሪም ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ትምህርቶች ይማራል፤ ልዩነቱ የሰው ሐኪም የሚያውቀው አንድን ፍጥረት ሲሆን የእንስሳት ሐኪም ግን ብዙ ፍጥረቶችን እያነጻጸረ ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው፤ ሣሩን የሚያብላሉት በትልቁ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አውድማ ገብቶ ብዙ እህል የበላ በሬ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተሕዋስያኑ እህሉን በፍጥነት ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ሆዱ ብቻ ሳይሆን ደሙም ይመረዛል። ፈረስና አህያ ግን ሣሩን የሚያብላሉት በኋለኛው አንጀታቸው ነው፤ ፈረስ ማስታወክም ስለማይችል የሆድ ቁርጠት በቶሎ ሊገድለው ይችላል። ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። 41 ዲግሪ ገደማ የሆነ የሰውነት ሙቀት ለዶሮ ጤንነት ሲሆን ለላም ግን ከባድ ትኩሳት ነው። በግ አምስት ወር፣ ላም ዘጠኝ ወር፣ አህያ ዓመት ገደማ ታረግዛለች። ይህን ሁሉ በሽምደዳ ብቻ መያዝ አይቻልም። «ለምን?» እያለ የሚያጠና ተማሪ ግን እያንዳንዱን ልዩነት እንስሳው ከሚበላውና ከሚኖርበት ሁኔታ ጋር ስለሚያያይዘው ይቀልለዋል።

በመካከለኞቹ ዓመታት የበሽታ አመጣጥ ጥናት፣ የመድኃኒት ትምህርት፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጥናትና በሽታ በመንጋና በአካባቢ ውስጥ የሚሰራጭበትን መንገድ የሚመረምረው ኤፒዲሚዮሎጂ ይመጣሉ። ኤፒዲሚዮሎጂን ቀመርና ሠንጠረዥ ብቻ አድርገው የሚጠሉት ተማሪዎች አሉ። እኔ ግን ለአገራችን ከሁሉ የሚያስፈልገው ትምህርት እሱ ይመስለኛል። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝብ በረኀብ እንዳለቀ ሁላችንም ሰምተናል። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታውጇል፤ በሰው ልጅ ጥረት ፈጽሞ ከጠፉት በሽታዎችም ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ሆኗል። የጠፋው ግን እያንዳንዱን የታመመ በሬ በማከም አይደለም። በሽታው የት እንደተደበቀ በመከታተል፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በመሥራትና ሐኪም በማይደርስበት የአፋር በረሃ የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥኖ እንዲከትቡ በማድረግ ነው። ዛሬ ደግሞ የእሱ ዘመድ የሆነውንና በግና ፍየልን የሚፈጀውን በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል፤ አሁን የሚማሩት ተማሪዎች በዚህ ሥራ የሚካፈሉ ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት የክሊኒክ ዓመታት ናቸው። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የማዋለድና የመራባት ሕክምና፣ የዶሮ በሽታዎች፣ የሥጋ ምርመራና የኅብረተሰብ ጤና በዚህ ጊዜ ይሰጣሉ። ተማሪው በክሊኒክ ተራ ይገባል፤ በቄራ ከዕርድ በፊትና ከዕርድ በኋላ ምርመራ ማድረግን ይለማመዳል፤ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ በላም ፊንጢጣ በኩል እጁን አስገብቶ ማሕፀኗን በመዳሰስ እርግዝናን መለየት ይማራል። ይህ የመጨረሻው የእጅ ጥበብ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ መጀመሪያ ላይ እጅ ምንም የሚለየው ነገር የለም፤ ብዙ ላሞችን ከዳሰሱ በኋላ ነው ጣት ማየት የሚጀምረው። ስለዚህ በተግባር ሰዓት ከኋላ ቆሞ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ ትልቁን ዕድል ያባክናል።

ከዚሁ ጋር የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ብዙ ተማሪ ቀላል መስሎ የታየውን ርዕስ ይዞ፣ ከዚህ በፊት የተጻፈውን ቦታና ዓመት ለውጦ ያቀርባል። መልሱን የሚጠብቅ ሰው ያለበት ጥያቄ መምረጥ ግን ይቻላል፤ ለምሳሌ በአንድ ቄራ በጉበት ትል ምክንያት ስንት ጉበት እንደሚጣል ያጠና ተማሪ ከብቶቹ ከየት እንደመጡ አብሮ ከመዘገበ ውጤቱ የትኛው ወረዳ መድኃኒት በቅድሚያ እንደሚያስፈልገው ሊያሳይ ይችላል። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ እዚህም 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ፈተናው የሁሉንም ዓመታት ትምህርት ስለሚያጠቃልል የሁለተኛ ዓመት ደብተሩን ያልጣለ ተማሪ ይጠቀማል።

ጎንደር ለተማሪው የምትሰጠው

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚጀምረው በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ያ ኮሌጅ የጤና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ልኮ በማሠራት የታወቀ ነበር፤ የእንስሳት ሕክምናው ትምህርት ብዙ ዘግይቶ ቢመጣም የሰውና የእንስሳት ጤና አንድ ላይ ሊታይ ይገባል ለሚለው አስተሳሰብ ይህ ታሪክ ጥሩ መሠረት ነው። የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት ሳይንስ ኮሌጁ የሚገኘው በአፄ ቴዎድሮስ ግቢ ሲሆን የከተማውና የአካባቢው ሰው እንስሳቱን የሚያመጣበት ክሊኒክም አለው።

ከሁሉ በላይ ግን ተማሪውን የሚጠቅመው የአካባቢው የመሬት አቀማመጥ ነው። ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርዶ ወደ ደንቢያና ወደ ፎገራ ሜዳ የሄደ ሰው ውኃ የሚተኛበት የጣና ዳር ግጦሽ ያገኛል፤ የጉበት ትልን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በእንዲህ ያለ ቦታ ስለሚኖሩ በሽታው እዚያ የተለመደ ነው። በዝናብ ሜዳው በውኃ ሲሸፈን የሚችለው የፎገራ ከብትም መኖሪያው ይኸው ነው። ወደ ምዕራብ ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲኬድ ቆላ ነው፤ መዥገርና ገንዲ ያስቸግራሉ፤ ወደ ሱዳን የሚነዱ የቁም ከብቶች የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ የድንበር ተሻጋሪ በሽታ ቁጥጥር ምን እንደሆነ በዓይን ይታያል። ወደ ሰሜን ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደጋ ነው፤ በግ ይበዛል። ከዚያ አልፎ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት አካባቢ ከብትና ውሻ ሲሰማሩ በሽታ ከቤት እንስሳ ወደ ዱር እንስሳ እንዴት እንደሚሻገር የሚያስተምር ቦታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ እንደፈጀ የታወቀ ስለሆነ፣ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችን መከተብ ቀበሮዎቹንም የመጠበቅ ሥራ ነው። የሦስት የአየር ጠባይ በሽታዎችን በጥቂት ሰዓታት መንገድ ውስጥ የሚያሳይ ቦታ ብዙ አይገኝም።

ሊነገሩ የሚገባቸው ችግሮች

ከተማ ያደገ ተማሪ በሬ ይዞ አያውቅም፤ ቢፈራ አይፈረድበትም። እንስሳ መያዝ በጉልበት ሳይሆን በአቀራረብ፣ በገመድ አስተሳሰርና በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ይለመዳል። ይህን የምለው በተለይ ለሴት ልጆች ወላጆች ነው። «ሴት ልጅ ከኮርማ ጋር ምን ትታገላለች?» ብለው ልጃቸውን የሚያስቀሩ አሉ። በገጠራችን ላሟን የምታልበው፣ ጥጃውን የምታሳድገው፣ ዶሮውን የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ሆና ሳለ የእንስሳት ሐኪምነት ለሴት አይሆንም ማለት ከራሳችን ኑሮ ጋር የሚጣላ አነጋገር ነው። ደግሞም ስለ ላሟ አመጋገብና ስለ ወተቷ ከባልየው ይልቅ የበለጠ የምታውቀው ሚስት ብዙ ጊዜ ለሴት ሐኪም ገልጣ ትናገራለች።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ርግጫና ንክሻ አለ፤ ውርጃ ከሚያስከትሉ በሽታዎች ከፊሉ ወደ አዋላጁ ይተላለፋል። ከሁሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሞቱ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ላምና አህያም በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ የያዛት ላም አንዳንድ ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ አጥንት የተሰነቀረባት ስለምትመስል ያለ ጓንት እጁን ወደ አፏ የከተተ ተማሪ ትልቅ አደጋ ላይ ይወድቃል። የተነከሰ ወይም ምራቅ የነካው ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ተማሪዎች የክሊኒክ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት የቅድመ መከላከያ ክትባት የሚያገኙበትን መንገድ ኮሌጃቸውንና ጤና ተቋማትን አጥብቀው ቢጠይቁ መብታቸውም ጥንቃቄያቸውም ነው።

ሌላው ችግር ተማሪው የተማረውና በወረዳ የሚያገኘው አለመመጣጠኑ ነው። በመጽሐፍ ላይ ምርመራ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ይመጣል፤ በገጠር ክሊኒክ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ቴርሞሜትር፣ የልብና የሳንባ ማዳመጫ፣ ጥቂት መድኃኒትና የሐኪሙ ዓይን ነው። ገበሬውም እስከዚያ ድረስ ከገበያ በገዛው መድኃኒት ራሱ ወግቶ ወይም አስተኩሶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መቆጣት ምንም አይጠቅምም። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደበላ፣ ሌላ የታመመ መኖሩን፣ ምን እንደተሰጠው በወጉ የጠየቀ ሐኪም ከግማሽ በላይ መልሱን ከባለቤቱ አፍ ያገኛል፤ እንስሳው አይናገርም፤ ባለቤቱ ግን ሲናገር የሚሰማው ካገኘ ብዙ ያውቃል።

ከምረቃ በኋላ

ተመራቂዎች የሚሠሩባቸው ቦታዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፦ የወረዳና የዞን የእንስሳት ጤና አገልግሎት፣ ቄራዎች፣ የኳራንቲን ጣቢያዎች፣ እንደ ኮምቦልቻው ያሉ የክልል ላቦራቶሪዎች፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ፣ የወተትና የዶሮ እርባታ ድርጅቶች፣ የግል ክሊኒኮችና የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች። ይሁን እንጂ «ተመርቆ መመደብ» የሚለው የድሮ እምነት ዛሬ አይሠራም፤ የመንግሥት ቅጥር በማስታወቂያና በውድድር ነው፤ ደመወዙም ከኑሮው ውድነት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የግል ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ማውጣትን፣ መነሻ ገንዘብንና ደንበኛን ማፍራትን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሊያስብበት ይገባል። በከተሞቻችን ዙሪያ የወተትና የዶሮ እርባታ እየሰፋ በመምጣቱ በዚህ በኩል ያለው ተስፋ ከቢሮው የተሻለ ይመስለኛል።

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስቡም አሉ። በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ከኮሌጅ የመሰናዶ ትምህርቶች በኋላ ሲሆን አራት ዓመት ይወስዳል። በኢትዮጵያ የተመረቀ ሐኪም እዚያ ሄዶ ወዲያውኑ ማከም አይችልም፤ ከውጭ ለተመረቁ የእንስሳት ሐኪሞች የተዘጋጀውን የቋንቋ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍና የግዛቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሂደቱ ብዙ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ በምርምር ወይም በሁለተኛ ዲግሪ የሚሄድ ግን ይህ ፈቃድ ላያስፈልገው ይችላል። ዲግሪው ከአገር መውጫ ብቻ እንደሆነ አስቦ የሚገባ ተማሪ ይህን ቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት

ልጃቸው ይህን ትምህርት ሊመርጥ እንደሆነ የሚያውቁ ወላጆች አንድ ነገር ቢያደርጉ እመክራለሁ። በገበያ ቀን ጠዋት፣ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው በሚመጡበት ሰዓት፣ ፈቃድ ጠይቆ በአቅራቢያው ባለ የእንስሳት ክሊኒክ እንዲውል ያድርጉት። ደሙንና እበቱን መቻሉን ብቻ አይመልከት። ሐኪሙ ባለቤቱን ምን እንደሚጠይቅ፣ መድኃኒት በሌለ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፣ «ይህ አይድንም» የሚለውን እንዴት እንደሚናገር ይከታተል። ሥራው ጋብ ሲል ሐኪሙን ወይም ረዳቱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከትምህርቱ ያልጠበቁት ምን እንደነበር፣ አሁን በሥራ ላይ የሚጎድላቸው ምን እንደሆነ፣ ደግመው ቢመርጡ ይህንኑ ይመርጡ እንደሆነ። መልሱን ጽፎ ይያዝ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሲቀመጥም ወረቀቱ አጠገቡ ይሁን።